መጥኖ መደቆስ የማያውቅ ለውጥ

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላል ያገራችን ሰው። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን ያየነውን የ«ለውጥ» ታሪክ ከዚህ አሳጥሮ የተናገረ የለም።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም ተባለ። በ1990ዎቹ ቢፒአር መጣ፤ ሠራተኛው አዳራሽ ተሰብስቦ «አዝ ኢዝ» እና «ቱ ቢ» እያለ ሣጥንና ቀስት ሲሥል ከረመ። ቢፒአር ሳይረጋ ቢኤስሲ ተከተለው። የለውጥ ሠራዊት ተገነባ፣ አንድ ለአምስት ተደራጀን፣ የዜጎች ቻርተር ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በ2004 ዓ.ም የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመና አምስቱን «ማ»ዎች ሸመደድን። ቀጥሎ ዲጂታል ተባለ። ከ2017 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ።

ስሞቹን አልንቃቸውም። ከአሜሪካ የመጣው ቢፒአርም ሆነ ከጃፓን የመጣው ካይዘን በተወለዱበት አገር ትልልቅ ድርጅቶችን ቀይረዋል። እኛ ጋ ሲደርሱ የሚሰናከሉት ገና ከደጃፉ ነው። ባነር ይታተማል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ አበል ይከፈላል፣ ፎቶ ይነሳል። «ዛሬ ስንት ነን? ወደ ስንት እንሄዳለን? ባይሳካ ማንን እንጠይቅ?» የሚል ወረቀት ግን አይጻፍም።

ክርክሬ ይህ ነው፦ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት «አሠራሬን አሻሽላለሁ» ብሎ ሲነሳ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ጽፎ፣ አስፈርሞ፣ በሩ ላይ ካልለጠፈ በቀር ለዚያ ሥራ አንድ ብር በጀት ሊፈቀድለት አይገባም።

ያ አንድ ገጽ በሙያው ቋንቋ ፕሮጀክት ቻርተር ይባላል።

«ቻርተር» ለጆሯችን እንግዳ ቃል አይደለም። በ1983 ዓ.ም የሽግግር ዘመን ቻርተር ነበረን። አዲስ አበባ የምትተዳደርበት ቻርተር አላት። የዜጎች ቻርተርም በየቢሮው ኮሪደር አቧራ ለብሶ ተሰቅሏል። ፕሮጀክት ቻርተር ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ፣ ለኃላፊ ግን ከሁሉም የሚያስፈራ ነው። የማሻሻያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይጻፋል፤ ቢበዛ ሁለት ገጽ ነው። ስድስት ጥያቄ ይመልሳል። ችግሩ ምንድን ነው? ዛሬ በቁጥር ስንት ነው? ስንት ላይ፣ እስከ መቼ እናደርሰዋለን? የምናሻሽለው ሥራ ከየት ተነስቶ የት ያበቃል? ማን ይሠራዋል? ባለቤቱስ ማን ነው? ከዚያ ስም፣ ፊርማ፣ ቀን።

የሚያስፈራው፣ ከስድስቱ አንዱም በመፈክር ስለማይመለስ ነው።

🔹 ችግር መጻፍ ለምን አቃተን?

አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት እንውሰድና የልደት ምስክር ወረቀት አሰጣጡን ሊያሻሽል ተነሳ እንበል። የተለመደው ሰነድ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «በወረዳችን በአገልግሎት አሰጣጥ ዙሪያ የመልካም አስተዳደር ችግሮች ይስተዋላሉ።»

ይህ ዓረፍተ ነገር በየትኛውም ወረዳ፣ በየትኛውም ዓመት ትክክል ነው። ስለዚህ ስለዚያ ወረዳ የነገረን ነገር የለም። ማንንም አያሳፍርም፣ ማንንም አያስጠይቅም፤ በሚቀጥለው ዓመት ቀኑ ብቻ ተቀይሮ ይቀርባል።

ሁለተኛው የተለመደ አጻጻፍ ፍርዱን አስቀድሞ የሚሰጠው ነው፦ «ችግሩ የሠራተኛው የአመለካከት ችግር ነው።» ማን መረመረ? መቼ? ፋይሉ የሚያድረው ፈራሚው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ቢሆንስ? መዝገብ ቤቱ በስም ቅደም ተከተል ስላልተደረደረ ቢሆንስ? አመለካከት ሥልጠና እንጂ ምርመራ አይፈልግም፤ ስለዚህ ለኃላፊ ይመቻል።

ሦስተኛው ከሁለቱም የከፋው ነው፦ «ችግሩ ዘመናዊ ሶፍትዌር አለመኖሩ ነው።» ችግሩን «ሶፍትዌር የለም» ብሎ የጻፈ ሰው፣ መፍትሔው ሶፍትዌር መግዛት ብቻ እንዲሆን ወስኗል። ጨረታው ከምርመራው በፊት ወጥቷል ማለት ነው። የሕዝብ ገንዘብ የሚፈስበትን ቀዳዳ የምትፈልጉ ሰዎች፣ ጨረታው ላይ ከመድረሳችሁ በፊት የችግሩን ዓረፍተ ነገር አንብቡ።

ደህና ቻርተር ችግሩን እንዴት ይጽፋል? ቁጥሮቹን ለማሳያ እኔ ያስገባኋቸው መሆኑን ያዙልኝና፣ እንዲህ ነው፦ «ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ሦስት ወራት የልደት ምስክር ወረቀት ከጠየቁ 400 ሰዎች 260ዎቹ ከሁለት ጊዜ በላይ ተመላልሰዋል። ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ወረቀቱን እስኪረከቡ በአማካይ 11 የሥራ ቀን ፈጅቶባቸዋል። ግድግዳችን ላይ የጻፍነው ግን በአንድ ቀን የሚል ነው።»

ቦታ አለው። ጊዜ አለው። ቁጥር አለው። ማንንም አልሰደበም፣ መፍትሔም አልቸኮለም። ይህን ለመጻፍ አማካሪ ድርጅት መቅጠር አያስፈልግም። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ባለጉዳዩ መስኮቱ ጋ ሲደርስ «ለዚህ ጉዳይ መጀመሪያ የመጡት መቼ ነው? ይሄ ስንተኛዎ ነው?» ብሎ ጠይቆ መጻፍ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ይህን ያደረገ መሥሪያ ቤት በሪፖርት ዘመኑ ሙሉ ያላወቀውን ስለ ራሱ ያውቃል።

🔹 ሰዓቱ ከየት ይቆጠራል?

ከቻርተሩ ሁሉ ብዙ ውሸት የሚያጋልጠው ክፍል ወሰን የሚባለው ነው። የምናሻሽለው ሥራ ከየት ይጀምራል፣ የት ያበቃል?

ቀላል ጥያቄ ይመስላል። አንድ ባለጉዳይ እንከተል። ሰኞ መጣ፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለ። ረቡዕ መጣ፤ «ሲስተም የለም» ተባለ። ዓርብ መጣ፤ «አንድ ፎቶ ኮፒ ይቀርሃል» ተባለ፤ ሰኞ ያልተነገረው ነገር ነው። በሳምንቱ መጣ፤ ማኅተም የያዘችው ሠራተኛ ወጥታለች። በአምስተኛው ቀን ሁሉም ተሟልቶለት ፋይሉ ተከፈተና በ25 ደቂቃ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። የግድግዳው ስታንዳርድ 30 ደቂቃ ነበር።

በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ይህ ሰው በስታንዳርዱ መሠረት ተስተናግዷል። ከስታንዳርዱም በታች!

መሥሪያ ቤቱ አልዋሸም። ሰዓቱን የጀመረው ፋይሉ ከተሟላ በኋላ ነው። ባለጉዳዩ ደግሞ ሰዓቱን የጀመረው ሰኞ ጠዋት፣ ከአሠሪው ፈቃድ ጠይቆ ታክሲ የተሳፈረ ዕለት ነው። የቀን ሠራተኛ ከሆነ አራት ቀን ሳይከፈለው ውሏል። ከገጠር ከመጣ አድሯል። ልጅ ለማስመዝገብ ከሆነ ምዝገባው ሊያመልጠው ይችላል። በሩ ላይ የቆመው ደላላ የሚኖረው በእነዚያ አራት ቀናት ውስጥ ነው፤ «ለሻይ» የሚባለውም የሚከፈለው እዚያው ነው። በሪፖርቱ ውስጥ ግን አራቱ ቀናት የሉም። ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ አይሻሻልም።

ለዚህ ነው ቻርተሩ «ሥራው የሚጀምረው ባለጉዳዩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ሲረግጥ፣ የሚያበቃውም ወረቀቱ እጁ ሲገባ ነው» ብሎ መጻፍ ያለበት። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ከአሥር ቀን ሥልጠና የበለጠ ሥራ ትሠራለች።

የወሰን ነገር የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። የቢፒአር አባት የሚባለው ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጽሑፍ የፎርድን ታሪክ ነግሮናል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፎርድ በሰሜን አሜሪካ ለአቅራቢዎች ሒሳብ የሚከፍለው ክፍሉ ብቻ ከ500 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ኮምፒውተር አስገብተን ወደ 400 እናወርደዋለን ብለው አሰቡ። ከዚያ ማዝዳን ሲያዩ ለዚያው ሥራ ያለው አምስት ሰው ነው። ማዝዳ አነስ ያለ ድርጅት መሆኑን ከግምት አስገብተው እንኳ ልዩነቱ አስደነገጣቸው።

ቀረብ ብለው ሲያጠኑ ክፍሉ ጊዜውን የሚጨርሰው የግዢ ትእዛዝ፣ የዕቃ መረከቢያና የአቅራቢው ደረሰኝ አልገጥም ሲሉ እነሱን ሲያመሳክር ነው። ጣጣው የሚፈጠረው በግዢ ክፍልና በዕቃ ግምጃ ቤት፣ የሚፈነዳው በሒሳብ ክፍል ነበር። ስለዚህ የሚሻሻለውን ሥራ «ሒሳብ ክፍል» ብለው ቢወስኑት ኖሮ ያገኙ የነበረው ፈጣን ኮምፒውተር ያለው ትርምስ ነው። ወሰኑን አስፍተው «ከግዢ ትእዛዝ እስከ ክፍያ» አሉት። ዕቃው ሲደርስ ተረካቢው ከትእዛዙ ጋር በኮምፒውተር ያመሳክራል፤ ከገጠመ ክፍያው ይወጣል፤ ደረሰኝ መጠበቅ ቀረ። የሠራተኛው ቁጥር በ75 በመቶ ወረደ።

የእኛዎቹ ቢሮዎች ቢፒአርን ሲወስዱ ሣጥንና ቀስቱን ወሰዱ። ይህን ትምህርት ግን ድንበር ላይ ጥለውት የመጡ ይመስላል።

🔹 ባለቤቱ ማን ነው?

ቢፒአር ካወረሰን ቃላት አንዱ «የሥራ ሂደት ባለቤት» የሚለው ነው። ቆንጆ ቃል ነው። ባለቤት ማለት ግን ሲጠፋ የሚጠየቅ፣ ሲፈርስ የሚያድስ ሰው ነው። እኛ ጋ ለውጥ የሚመራው በዐቢይ ኮሚቴ፣ በንዑስ ኮሚቴና በቴክኒክ ኮሚቴ ነው። ሦስት ኮሚቴ ያለው ሥራ ባለቤት የለውም።

ቻርተሩ ላይ የሚፈርመው ሰው አንድ መሆን አለበት። ያ ሰው በወሰኑ ውስጥ ያሉትን ክፍሎች ሁሉ ማዘዝ የሚችል መሆን አለበት። የልደት ምስክር ወረቀቱ በሦስት ክፍል የሚያልፍ ከሆነና ፈራሚው አንዱን ክፍል ብቻ የሚያዝ ከሆነ፣ ቻርተሩ ገና ሳይደርቅ ሞቷል። «ይህ ፊርማ አያስፈልግም፣ ይሰረዝ» ለማለት ሥልጣን የሌለው ሰው የማሻሻያ ባለቤት ሊባል አይችልም።

ፈራሚ ሲጠፋ የሚሆነውን እናውቀዋለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ለውጡ ሲከሽፍ የሚገመገመው መስኮት ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ይሆናል። ያ ሠራተኛ ቅጹን አላወጣውም፤ አምስት ፊርማ ይኑር ያለው እሱ አይደለም፤ ኃላፊውንም ስብሰባ አልጠራም።

ቡድኑ ውስጥ መግባት ያለባቸውም እነዚህ ናቸው። የመስኮቱ ሠራተኛ፣ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ ከተቻለም የጥበቃው ሠራተኛ። ሰው ለምን እየተናደደ እንደሚወጣ፣ የትኛው ወረቀት ጎድሎ እንደሚመለስ ከጥበቃው በላይ የሚያውቅ የለም። እስካሁን በየትኛው የለውጥ ኮሚቴ ውስጥ ጥበቃ ሲካተት አያችሁ?

ሹም ሽርም አለ። አዲስ ኃላፊ ሲመጣ የቀድሞው ለውጥ ከነባነሩ ይቀበራል፤ አዲሱ ደግሞ የራሱን ስም ይዞ ይመጣል። በር ላይ የተለጠፈና የተፈረመ ቻርተር ይህን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፤ ቀብሩን ግን ያከብደዋል። ርክክብ ሲደረግ ከመኪናው ቁልፍ ጋር ያችም ገጽ ትፈረም።

🔹 ግብም ይሸውዳል

«ከ11 ቀን ወደ 3 ቀን፣ እስከ ሰኔ 30» ደህና ግብ ነው። ብቻውን ከተጻፈ ግን ይሸወዳል። ቀን ቀንስ የተባለ መሥሪያ ቤት ቀኑን የሚቀንስበት ቀላል መንገድ አለው፤ ያልተሟላ ፋይል ያለውን ሰው ከበሩ መመለስ። ቁጥሩ ያምራል፣ ሕዝቡ ይመላለሳል። ወይም ተቻኩሎ ስም እየተሳሳተ ይጻፋል፤ የአንድ ፊደል ስህተት ያለበት የልደት ወረቀት የያዘ ሰው መዘዙን ፓስፖርት ሲያወጣ ያገኘዋል።

ስለዚህ ከግቡ ጎን የማይበላሽ ነገር ይጻፋል። «ቀኑን ስንቀንስ፣ ከበር የሚመለሱ ሰዎች ቁጥር አይጨምርም፤ በስህተት ምክንያት የሚታረሙ ወረቀቶችም አይጨምሩም።» እነዚህም ዛሬ ስንት እንደሆኑ ይቆጠራሉ።

በሥራዬ ምክንያት የለውጥ ማስጀመሪያና «የልምድ ልውውጥ» መድረኮች ላይ ብዙ ተቀምጫለሁ። በአንዱ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቆየን፣ ለኃላፊው «አሁን ጉዳዩ ስንት ቀን ይፈጃል?» አልኳቸው። «በጣም ተሻሽሏል» አሉኝ። «ከስንት?» አልኩ። «ካለፈው ዓመት» አሉኝ። አዳራሹ አጨበጨበ።

🔹 «ሌላ ወረቀት ደግሞ?»

የሚነሱ መቃወሚያዎችን አውቃቸዋለሁ።

አንደኛው «ወረቀት ሰልችቶናል» የሚለው ነው። እውነት ነው። መደርደሪያው ባለ ሰማንያ ገጽ ስትራቴጂክ ዕቅድ ተሸክሞ ጎብጧል። ሰማንያ ገጽ ግን መደበቂያ ነው፤ አንድ ገጽ ላይ መደበቅ ይከብዳል። ቻርተሩን መጻፍ አንዳንድ ጊዜ ትልቁ ጥቅሙ ሥራው እንዳይጀመር ማድረጉ ነው። ቁጥሩ ተቆጥሮ ችግሩ ትንሽ ሆኖ ከተገኘ፣ ወይም የሚፈርም ሰው ከጠፋ፣ ገንዘቡም ጉልበቱም ይተርፋል።

ሁለተኛው «ዋናው ችግር ደሞዝ ነው» የሚለው ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ደሞዝ ከኑሮው ጋር እንደማይመጣጠን ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ደሞዝ ቢጨመር አራቱ ፊርማዎች በራሳቸው አይሰረዙም። ከአምስት ፊርማ ሁለቱ ቢቀሩ ደግሞ የሚተርፈው የሠራተኛውም ጉልበት ነው። ምርመራው «መዘግየቱ የሚመጣው ሠራተኛ ስለሚለቅ ነው» ካለም እሰየው፤ ያኔ የደሞዝ ጥያቄው ቁጥር ይዞ ይቀርባል።

ሦስተኛው «ይህ ሁሉ ድሮ ቀርቷል፣ አሁን ዲጂታል ሆነናል» የሚለው ነው። አገልግሎቶችን አንድ ጣሪያ ሥር ማምጣት ጥሩ ሐሳብ ነው፤ መሶብን ስለ ስሙ ብቻ አላጣጥለውም። ነገር ግን አምስት ፊርማ የሚፈልግ አሠራር ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ አምስት ጊዜ መጫን የሚፈልግ አሠራር ይሆናል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ምንም አይሆንም። ስለዚህ እዚያም ጥያቄዬ ያው ነው፦ ለእያንዳንዱ አገልግሎት «ከማዕከሉ በፊት ስንት ቀን፣ ስንት ምልልስ፤ አሁን ስንት ቀን፣ ስንት ምልልስ» የሚል ሠንጠረዥ በሩ ላይ ይለጠፍ። ሥራው ካማረ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የለውም።

ደግሞም የዘዴዎቹ ባለቤቶች ራሳቸው ከእኛ የበለጠ ትሑታን ነበሩ። ሐመርና ጄምስ ቻምፒ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት የቢፒአር መጽሐፍ፣ ሳይንሳዊ አይደለም ባሉት የራሳቸው ግምት፣ ሥራውን ከሚጀምሩት ድርጅቶች ከ50 እስከ 70 በመቶው ያሰቡትን ትልቅ ውጤት አያገኙም ብለው ጽፈዋል። ፈጣሪዎቹ ግማሹ ይከሽፋል ያሉትን ነገር፣ እኛ ጋ የከሸፈ መሥሪያ ቤት ጠፋ። ሁሉም «አበረታች ውጤት» አስመዘገበ። መነሻው ያልተጻፈ መንገድ ላይ ማንም ወደ ኋላ ቀረ ሊባል አይችልማ!

🔹 ምን እንጠይቅ?

ለምክር ቤት አባላት፦ የስድስት ወርና የዘጠኝ ወር ሪፖርት ሲቀርብላችሁ «የማሻሻያ ሥራ ተሠርቷል» የሚለውን መስመር ስታዩ ቻርተሩን አምጡ በሉ። ከሌለ መስመሩ ይሰረዝ።

ለሚዲያ ሰዎች፦ «ሥልጠና ተሰጠ»፣ «ተመረቀ»፣ «ይፋ ሆነ» ዜና የሚሆነው ከሦስት ጥያቄ በኋላ ነው። ከስንት? ወደ ስንት? ማን ፈረመ? መልስ ከሌለ፣ መልስ አለመኖሩ ዜናው ነው።

ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፦ ትልቅ ነገር አትጀምሩ። አንድ አገልግሎት ምረጡ፤ ሰው በብዛት የሚመላለስበትን። ቁጠሩ። አንድ ገጽ ጻፉ። ፈርሙ። አራት ወር ሥሩበትና ውጤቱን፣ ያማረም ይሁን ያላማረ፣ እዚያው በር ላይ ለጥፉ።

ለእኛ ለባለጉዳዮች ደግሞ የቀረን መቁጠር ነው። ለአንድ ወረቀት ስንት ጊዜ ሄድን፣ ስንት ቀን ፈጀ፣ ምን ተብለን ተመለስን። በስልካችን እንጻፈው። «በጣም ተሻሽሏል» ሲሉን «ከስንት?» የምንለው ቁጥሩ በእጃችን ሲኖር ነው።

በመሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለ የተፈረመ ገጽ በር ላይ ተለጥፎ ያያችሁ ካላችሁ ፎቶውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። በደስታ እዚሁ ቻናል ላይ አወጣዋለሁ።

ቸር እንሰንብት።